ስለ ክሬን ፍላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ በሞቃት አገሮች ያለውን እግረ ረጅም ዝንብ መለየትና መመደብ

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲያባራ በር ከፍቶ መብራት ያበራ ሰው ያውቀዋል። ክር የመሰሉ እግሮቹን እየጎተተ ይገባል። ግድግዳውን እየዳበሰ ይዞራል። አንዱ "ኧረ ቢንቢ!" ብሎ ጫማ ያነሳል። ይህን የጻፍኩት ጫማው ከማረፉ በፊት አንዴ ቀረብ ብላችሁ እንድታዩት ነው። ጥያቄዎቹን የሰበሰብኩት ከጓደኞች፣ ከተማሪዎችና በስልክ ፎቶ ከሚልኩልኝ ሰዎች ነው።

መታጠቢያ ቤቴ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ያ ትልቅ "ቢንቢ" ምንድን ነው?

ቢንቢ አይደለም። ክሬን ፍላይ የሚባል ዝንብ ነው። በየቤቱ "ትልቁ ቢንቢ" ሲባል ስለምሰማ፣ ሁለቱ እንዳይምታቱ እኔ እግረ ረጅም ዝንብ እለዋለሁ። ሰውነቱ ቀጭን ነው። ሁለት ጠባብና ረጅም ክንፎች አሉት። ከክንፎቹ ኋላ ደግሞ ጫፋቸው ያበጠ፣ የክብሪት እንጨት የመሰሉ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ታያላችሁ። ሲበር ሚዛኑን የሚጠብቀው በእነሱ ነው። ዝንቦች ሁሉ፣ ቢንቢም ጭምር፣ እነዚህ ዘንጎች አሏቸው። እግረ ረጅሙ ላይ ግን ያለ ማጉያ ይታያሉ። ለልጆች የዝንብን አካል ማሳየት ከፈለጋችሁ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

ይናከሳል? ወባስ ያስተላልፋል?

ሁለቱንም አያደርግም። ቆዳ የሚበሳና ደም የሚመጥ አፍ የለውም። ወባን የምታስተላልፈው አኖፌሊስ የምትባለው የቢንቢ ወገን ሴቷ ናት። እግረ ረጅሙ ካደገ በኋላ የሚኖረው ለጥቂት ቀናት ነው። በዚያ ጊዜ ውሃ ወይም የአበባ ማር ቢቀምስ ነው እንጂ ሰው ዘንድ የሚያመጣው ጉዳይ የለም። የሚመጣው መብራቱ ስቦት ነው። መርዝ አለው የሚባለውም ወሬ ነው።

ቢንቢ እየበላ ይጠቅመናል ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነት ነው?

አይደለም። ያደገው ዝንብ ሌላ ነፍሳት አድኖ አይበላም። ምናልባት ሰዎች ከሌላ ጋር አምታተውት ይሆናል። ቶክሶሪንካይተስ የምትባል ትልቅ ቢንቢ በሞቃት አገሮች አለች። እጯ የሌሎች ቢንቢዎችን እጭ ትበላለች። አድጋ ስትወጣም ደም አትመጥም፤ የአበባ ማር ነው የምትጠጣው። ሰውነቷ ያብረቀርቃል፣ አፏም እንደ መንጠቆ ወደ ታች የታጠፈ ነው። ምስጋናው ለእሷ ይገባል።

ታዲያ ከቢንቢ በምን እለየዋለሁ?

ጀርባውን እዩ። ክንፎቹ ከሚነሱበት ቦታ ትንሽ ወደፊት፣ ደረቱ ላይ፣ የቪ ቅርጽ ያለው ስፌት አለ። የቪ አንገት ሹራብ ታውቁ የለ? ልክ እንደዚያ ነው፤ ሹሉ ወደ ኋላ ያመለክታል። ቢንቢ ይህ ስፌት የላትም። አስር እጥፍ የሚያጎላ የኪስ ማጉያ ካላችሁ አሁኑኑ ይታያችኋል። ትልልቆቹ ላይ በዓይንም ይታያል።

ቀጥሎ ክንፉን እዩ። የቢንቢ ክንፍ በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው፤ ጣታችሁ ላይ አቧራ ነገር የሚቀረው ለዚህ ነው። የእግረ ረጅሙ ክንፍ ግን እንደ ላስቲክ ጥርት ያለ ወይም በጠቃጠቆ የተዋበ ነው። አቧራ አይተውም።

እግሩን ለመለያ አትመኑበት። መጀመሪያ ሰሞን አንዱን በእግሩ ያዝኩትና ዝንቡ በረረ፤ እግሩ በጣቶቼ መሃል እየተወራጨ ቀረ። ደንግጬ ጣልኩት። እግሩ ከስሩ፣ ጭኑ ከመነሻው ትንሽ አንጓ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ፣ በቀላሉ እንዲላቀቅ ሆኖ የተሰራ ነው። እንሽላሊት ጭራዋን እንደምትተው መሆኑ ነው። ስለዚህ አራት ወይም ሦስት እግር ብቻ ያለው ዝንብ ብታዩ አዲስ ፍጥረት አላገኛችሁም፤ ከአንድ ወፍ ወይም ሸረሪት ያመለጠ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በሞቃት አገሮች ጌራኖሚያ የሚባል ወገን (ወገን ስል የተቀራራቢ ዝርያዎች ስብስብ ማለቴ ነው) በሰፊው ይገኛል። አበባ ላይ ቆሞ ማር የሚመጥበት ረጅም አፍ ስላለው ቁርጥ ቢንቢ ይመስላል። ልምድ ያለው ሰውም ለአፍታ ይሸወዳል። መፍትሔው ያው ነው፦ ወደ ጀርባው ተመለሱ፣ ቪውን ፈልጉ፣ ክንፉ ላይ ቅርፊት አለመኖሩን አረጋግጡ።

በዓለም ላይ ስንት ዓይነት አለ?

ስም የተሰጣቸው ዝርያዎች ከ15,000 በላይ ናቸው። ከዝንቦች ሁሉ በዝርያ ብዛት ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከ10,000 በላይ የሚሆኑት ሊሞኒዴ በሚባለው ቤተሰብ፣ ከ4,000 በላይ ደግሞ ቲፑሊዴ በሚባለው ይመደባሉ። ፔዲሲዴ 500 ያህል፣ ሲሊንድሮቶሚዴ 70 ያህል ዝርያ ይዘው ይከተላሉ። አራቱን አንድ ላይ የሚያቅፈው ታላቅ ቤት ቲፑሎይዲያ ይባላል።

የዓለምን ስሞች በሙሉ ፒዮትር ኦስተርብሩክ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪ ባዘጋጁት የኢንተርኔት ማውጫ ላይ በነጻ ማየት ይቻላል። አገር እየመረጣችሁ ማጣራትም ትችላላችሁ። ማንኛውንም ስም ከመጻፌ በፊት እዚያ አረጋግጣለሁ። በተለይ የድሮ ጽሁፍ ላይ ያገኛችሁት ስም ከሆነ ሳታጣሩ አትጠቀሙበት፤ ብዙዎቹ ወገናቸው ተቀይሯል።

አንዱ መጽሐፍ አንድ ቤተሰብ ነው ይላል፣ ሌላው አራት። የቱን ልመን?

ሁለቱም የዘመናቸውን ይናገራሉ። የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ቲፑላ የሚለውን ስም ሲሰጥ፣ ዛሬ ሩቅ ዘመድ የምንላቸውን በርካታ ጥቃቅን ዝንቦች ሁሉ እዚያው አጭቋቸው ነበር። ከዚያ እየተጣሩ ወጡ። ለረጅም ጊዜ እግረ ረጅሞቹ በሙሉ ቲፑሊዴ በሚል አንድ ቤተሰብ ስር ተጠቃለው ቆዩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተለይ የአውሮፓ ተመራማሪዎች አራት ቤተሰብ አደረጓቸው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የአካል ቅርጽንና ዲኤንኤን አንድ ላይ ያጠና ቡድን ሌላ ነገር አሳየ። መጀመሪያ ተነጥሎ የወጣው ቅርንጫፍ ፔዲሲዴ ነው። ሊሞኒዴ የምንለው ደግሞ ከአንድ አባት የመጣ ንጹህ ቤተሰብ አይደለም፤ የተለያዩ ቅርንጫፎች ስብስብ ነው። ቡድኑ ሁለት ቤተሰብ ብቻ ይበቃናል አለ።

እኔ ለዕለት ተዕለት ስራ አራቱን እጠቀማለሁ። ማውጫውም የሚከተለው ያንን ነው፤ ናሙና በእጁ ለያዘ ሰውም ይቀላል። ግን "ሊሞኒዴ" ስል የዘር ሐረግ እየመሰከርኩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ናሙናዬን የማስቀምጥበት መሳቢያ ስም ነው።

ቲፑሊዴ ይሁን ሊሞኒዴ በምን ልወቅ?

ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ብዙ ጊዜ ምርጫችሁ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ፔዲሲዴና ሲሊንድሮቶሚዴ በአመዛኙ የሰሜኑ ቀዝቃዛ አገር ሰዎች ናቸው።

ዋናው ምልክት ያለው አፉ አጠገብ ነው። በአፉ ግራና ቀኝ እንደ ትንሽ ጣት የሚንጠለጠሉ፣ ባለ አንጓ ዳሳሾች አሉ። የመጨረሻው አንጓ ከሌሎቹ በጣም የሚረዝምና እንደ አለንጋ የሚተጣጠፍ ከሆነ ቲፑሊዴ ነው። አጭር ከሆነ ሊሞኒዴ። ሁለተኛው ምልክት አፍንጫው ነው። የቲፑሊዴ ፊት ወደ ፊት የወጣ ነው፤ ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ ፀጉር ያለው ትንሽ ሹል አለ። ሦስተኛ፣ የአንቴናውን አንጓዎች ቁጠሩ። ቲፑሊዴ ብዙ ጊዜ 13 አለው። ሊሞኒዴ ብዙ ጊዜ 14 ወይም 16። መቁጠር ትዕግስት ይጠይቃል፤ እኔ ሁለት ጊዜ እቆጥራለሁ፣ ቁጥሩ ካልገጠመ ሦስተኛ።

አቀማመጥም ይረዳል። ትልቅ ሆኖ ክንፉን እንደ አውሮፕላን ዘርግቶ የተቀመጠ ብዙ ጊዜ ቲፑሊዴ ነው። ትንሽ ሆኖ ክንፉን ሆዱ ላይ አጥፎ የተቀመጠ ብዙ ጊዜ ሊሞኒዴ ነው። ግን "ብዙ ጊዜ" የምትለዋን ቃል አስምሩባት። በአቀማመጥ ብቻ የፈረድኩባቸው በማጉያ ሲታዩ ሌላ የሆኑብኝ ብዙ ናቸው።

ፔዲሲዴ መሆኑን ከጠረጠራችሁ ዓይኑን አጉልታችሁ እዩ። በዓይኑ ጥቃቅን መስታወቶች መሃል አጫጭር ፀጉር ታገኛላችሁ። አናቱ ላይ ተጨማሪ ሦስት ነጠብጣብ ዓይኖች ካሉ ግን ጭራሹን ሌላ ቤት ገብታችኋል። ትሪኮሴሪዴ የሚባል፣ እግረ ረጅሙን የሚመስል የብርድ አገር ዝንብ ነው። እውነተኛው እግረ ረጅም እነዚያ ሦስት ዓይኖች የሉትም።

ክንፉን ማንበብ የሚባለው ምንድን ነው? ያስፈራኛል።

አያስፈራም። እግር ይወድቃል፣ ቀለም ይደበዝዛል፣ ክንፍ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ይነበባል። በክንፉ ውስጥ የሚታዩት መስመሮች ጅማቶቹ ናቸው። ልክ እንደ ቅጠል ጅማት። ከፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ስትሄዱ በቅደም ተከተል ኮስታ፣ ሰብኮስታ፣ ራዲየስ፣ ሚዲያ፣ ኩቢተስና አናል ይባላሉ። ስድስት ስም ነው። የሸገርን የታክሲ መስመሮች በቃሉ ለያዘ ሰው ይህ ምንም አይደለም።

መጀመሪያ ከኋላ ጀምሩ። አናል የተባሉት ጅማቶች ሁለት ሆነው፣ ሁለቱም የክንፉ ጠርዝ ድረስ ከደረሱ እግረ ረጅም ነው። በሌሎች ዝንቦች ላይ ቢበዛ አንዱ ብቻ ነው ጠርዝ የሚደርሰው። ይህ ምልክት ከቪው ስፌት ጋር ሲደመር ጉዳዩን ይዘጋዋል።

ከዚያ ወደ መሃል ሂዱ። ብዙዎቹ ላይ በክንፉ መሃል ወደ ጫፉ ጠጋ ብሎ በጅማት የተከበበ ትንሽ ዝግ ክፍል አለ፤ ዲስካል ሴል ይባላል። ዝግ ነው ወይስ አንድ ጎኑ ክፍት? ዶሊኮፔዛ የሚባለው ቀጭን ወገን ላይ ብዙ ጊዜ ክፍት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዚያ የራዲየስን ቅርንጫፎች ቁጠሩ። ስንቱ ጠርዝ ደረሱ? የት ተከፈሉ? አብዛኛው የወገን መለያ ሰንጠረዥ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

አንድ ምክር ልስጣችሁ። ሁለቱንም ክንፎች እዩ። የግራው ላይ የጎደለ ጅማት ቀኙ ላይ ሊኖር ይችላል። አንድ ቀን በግራ ክንፍ ብቻ ተመርቼ ሙሉ ከሰዓት የሌለ ወገን ስፈልግ ውያለሁ። ቀኙን ስገለብጥ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር።

ከክንፉ በተጨማሪ የቅልጥሙን ጫፍ እዩ። እዚያ ላይ ትንንሽ እሾሆች መኖር አለመኖራቸው ሊሞኒዴን ወደ ንዑስ ቤተሰቦች ለመክፈል ይረዳል። እግሩ ከወደቀባችሁ ግን ይህን ማየት አትችሉም። የወደቀውን እግር አትጣሉት የምለው ለዚህ ነው።

በሞቃት አገሮች ተለይተው የሚታዩ አሉ?

አሉ። እኔንም ወደዚህ ነገር የሳቡኝ እነሱ ናቸው።

ትሬንቴፖህሊያን ልንገራችሁ። ጥላ በበዛበት ቦታ፣ ከቋጥኝ ስር ወይም በዋሻ አፍ፣ የሸረሪት ድር ላይ በተርታ ተንጠልጥለው ታገኟቸዋላችሁ። አዎ፣ ድር ላይ! ተጠምደው አይደለም፤ ማረፊያቸው ነው። በፊት እግሮቻቸው ክሩን ጨብጠው ይወዛወዛሉ። የብዙዎቹ እግር ጫፍ ነጭ ስለሆነ በጨለማው ውስጥ የሚታየው የነጭ ነጠብጣቦች ውዝዋዜ ብቻ ነው። ትንፋሻችሁ ሲነካቸው ሁሉም አንድ ላይ ይነሳሉ። ትንሽ ቆይተው ተመልሰው እዚያው ክር ላይ ይሰለፋሉ።

ስቲሪንጎሚያ ሌላው ነው። ትንሽ፣ ቢጫ ቡናማ፣ እግሩ ለዚህ ዘመድ አጠር ያለ። ሲያርፍ የፊትና የመሃል እግሮቹን ወደፊት፣ የኋላዎቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይተኛል። የደረቀ የሳር ቁራጭ ይመስላል። መብራት ይወዳል። በረንዳ ላይ የተጠራቀመ ቆሻሻ መስሏችሁ በመጥረጊያ ጠርጋችሁት ይሆናል።

ሜጊስቶሴራን አንዴ ያየ አይረሳውም። በአፍሪካና በእስያ ሞቃት ክፍሎች አለ። የወንዱ አንቴና ከሰውነቱ በግልጽ ይረዝማል፤ ሲበር ሁለት ክር የሚጎትት ይመስላል። ኔፍሮቶማ ደግሞ በሞቃቱም በቀዝቃዛውም አገር አለ። ቢጫና ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ተርብ መስሎ ያስደነግጣል። አይነድፍም። የሴቷ ሆድ ጫፍ የሾለው አፈር ውስጥ እንቁላል ለመጣል ነው።

የድሮ ጽሁፍ ላይ "የኢትዮጵያ ክልል ዝርያ" ይላል። እኛ አገር ተገኝቷል ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ ስለምወደው ረጋ ብዬ ልመልስ። ላይሆን ይችላል። ፊሊፕ ስክሌተር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1858 ዓለምን በእንስሳት ስርጭት ሲከፋፍል፣ ከሰሃራ በታች ያለውን አፍሪካ በሙሉ "ኢትዮጵያን ሪጅን" ብሎ ሰየመው። በጥንቱ የግሪኮች አጠራር "ኢትዮጵያ" ከግብፅ በታች ላለው የጥቁር ሕዝብ አገር የሚያገለግል ሰፊ ስም ነበርና ነው። ስለዚህ በቆዩ የነፍሳት ጽሁፎች ላይ ይህን ስታነቡ ዝርያው ኮንጎ ወይም ደቡብ አፍሪካ የተገኘ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ክልሉ አፍሮትሮፒካል ይባላል። አዲሱ ስም በዝንብ ተመራማሪዎች ዘንድ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የክልሉ የዝንቦች ካታሎግ ከተጠቀመበት በኋላ ነው።

አንድ ተማሪ በዚህ ተታሎ የአገራችንን ዝርዝር ሲያዘጋጅ የመላ አፍሪካን ዝርያዎች ሊያስገባ ምንም አልቀረውም ነበር። ሁልጊዜ ናሙናው የተሰበሰበበትን ቦታ ፈልጉ። የተራራ፣ የወንዝ ወይም የከተማ ስም ካላገኛችሁ አገሩን አትጻፉ።

ፎቶ ብልክ ዝርያውን ልትነግረኝ ትችላለህ?

አብዛኛውን ጊዜ አልችልም። ቤተሰቡን፣ አንዳንዴ ወገኑን እነግራችኋለሁ። ክንፉ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ጅማቱ እየታየ የተነሳ ፎቶ ከሆነ እድሉ ይጨምራል። ሦስት ፎቶ አንሱ፦ ከላይ ክንፉንና ጀርባውን፣ ከጎን ጭንቅላቱንና አፉን፣ አንድ ደግሞ የሆዱን ጫፍ። ስልኩን ማጉያ ላይ ደግፋችሁ ማንሳት ያስኬዳል። ቀኑን፣ ቦታውንና ከፍታውን አብራችሁ ላኩ። ያለ ቦታ የመጣ ቆንጆ ፎቶ ለግድግዳ ይሆናል፣ ለመለየት ግን ብዙም አይጠቅመኝም።

ናሙና እንዴት ልያዝ፣ እንዴትስ ላስቀምጥ?

መረብ በቤት ይሰራል። ስስ የመጋረጃ ጨርቅ፣ የሽቦ ቀለበትና የመጥረጊያ እንጨት ይበቃል። የወባ አጎበር እንዳትቆርጡ አደራ። መድኃኒት የተነከረ ነው፣ ደግሞ የሰው ሕይወት የሚጠብቅ ዕቃ ነው። መረቡን በወንዝ ዳር ባለ ሳርና ቅጠል ላይ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። እግረ ረጅሙ ደካማ በራሪ ስለሆነ መሮጥ አያስፈልግም። ማታ ማታ ነጭ አንሶላ ሰቅላችሁ ፊት ለፊቱ አምፖል ብታበሩ ራሱ ይመጣል። እንጦጦ ጫካም ሆነ መናገሻ ሱባ፣ ጥላና እርጥበት ያለበት የወንዝ ዳር ጥሩ ቦታ ነው።

ማስቀመጡ ላይ ምርጫ አለ። 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ብታስገቡት አካሉ አይደርቅም፣ ግን ቀለሙ ይሄዳል፣ እግሮቹም ይረግፋሉ። እያንዳንዱን በየራሱ ትንሽ ብልቃጥ አድርጉት፤ አለዚያ የማን እግር የማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ዲኤንኤ ለማስመርመር ካሰባችሁ 95 በመቶው ይሻላል። በደረቅ የማስቀምጠው በወረቀት ኤንቨሎፕ ነው። ነጭ ወረቀት ሦስት ማዕዘን አጥፌ፣ ዝንቡን በጎኑ አስተኝቼ፣ ላዩ ላይ ቀንና ቦታ እጽፋለሁ። እግር ቢረግፍ እዚያው ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። ጉንዳን ግን ጠላት ነው። ሳጥኑ በደንብ የሚዘጋ ይሁን።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆናችሁ ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ጠይቁ። ፈቃድ ያስፈልጋል። ለዘመድ ሻንጣ ውስጥ የሚከተት ነገር አይደለም።

ለምንድን ነው ባለሙያዎች ሁልጊዜ "ወንድ አምጣ" የሚሉት?

ዝርያን ከዝርያ የሚለየው በአብዛኛው የወንዱ የሆድ ጫፍ ስለሆነ ነው። በክንፍና በቀለም አንድ የሚመስሉ ሁለት ዝርያዎች እዚያ ላይ ፍጹም ይለያያሉ። አንዱ መቆንጠጫ፣ ሌላው ማንኪያ፣ ሦስተኛው ባለ ጥርስ ማበጠሪያ የመሰለ ነገር ይዟል። ከሴቷ ጋር እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር የሚገጣጠም አካል ነው። ወንዱን ለመለየት ቀላል ነው፦ የሆዱ ጫፍ ያበጠና ደንደን ያለ ከሆነ ወንድ፣ የሾለ ከሆነ ሴት።

አሰራሩ ይህን ይመስላል። የሆዱን ጫፍ በጥንቃቄ ትቆርጣላችሁ። 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ስጋው ሟሙቶ ጠንካራው ክፍል ብቻ ጥርት ብሎ ይቀራል። በውሃ አጥባችሁ ግሊሰሪን ላይ ታስቀምጡታላችሁ፤ ከፋርማሲ የምትገዙት ያው ግሊሰሪን ነው። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ስር በመርፌ እያገላበጣችሁ ትስላላችሁ። ፎቶ ካነሳችሁም በኋላ በእጃችሁ ሳሉት። እጅ የሚስለውን ዓይን በደንብ ያየዋል። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር ሳታደርጉ፣ ልጆች ባሉበት ክፍል፣ አትንኩት። የቆረጣችሁትን ጫፍ ደግሞ ከዝንቡ አትለዩት። በትንሽ ቱቦ አድርጋችሁ አብሮት ይኑር።

እጮቹ የት ነው የሚኖሩት?

እርጥብ አፈር፣ የበሰበሰ ግንድ፣ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅለው አረንጓዴ፣ የጅረት አሸዋ ውስጥ። ግራጫ ቡናማ፣ እግር የሌለው ወፍራም ትል ነው። ጭንቅላቱን ሲደነግጥ ወደ ደረቱ ይሰበስባል። ኋላውን ገልብጣችሁ ብታዩት ሁለት ክብ የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ከብበዋቸው ጣት የመሰሉ ቅጥያዎች ታገኛላችሁ። ፊት ይመስላል፤ ሁለት ዓይንና ዙሪያውን ፂም። የቲፑሊዴ እጮች ብዙ ጊዜ ስድስት ቅጥያ፣ የሊሞኒዴ አምስት ወይም ከዚያ በታች አላቸው።

አብዛኞቹ የረገፈ ቅጠልና የበሰበሰ ነገር እየበሉ አፈሩን ያለመልማሉ። ከፊሎቹ ሌሎች ትሎችን የሚያድኑ ናቸው። የወንዝ ውሃን ጤንነት የሚመረምሩ ባለሙያዎችም ከድንጋይ ስር ሲያወጧቸው በቤተሰብ ደረጃ ይመዘግቧቸዋል። አውሮፓ የምትኖሩ አንባቢዎች በመስከረም ቤታችሁን የሚሞላው ቲፑላ ፓሉዶሳ ነው። የእሱ እጭ የሳር ሥር ይበላል፤ አትክልተኞች የሚያማርሩት እሱን ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ካናዳና አሜሪካም ተሻግሯል። በአንድ ዝርያ ጥፋት ሌሎቹ ሺዎች መወቀስ የለባቸውም።

አሌክሳንደር የሚል ስም ከየዝርያው ኋላ አያለሁ። ማን ነው?

ቻርልስ ፖል አሌክሳንደር። እ.ኤ.አ. በ1889 ኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ተወለደ፣ በ1981 አረፈ። ማሳቹሴትስ፣ አምኸርስት ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነበር። ብቻውን ከ11,000 በላይ የእግረ ረጅም ዝርያዎችን ገልጾ ስም ሰጥቷል። ሰባ ዓመት ያህል በሰራው ስራ ብታካፍሉት በዓመት ከ150 በላይ ማለት ነው። ባለቤቱ ሜብል በየጉዞው አብራው ነበረች፤ መኪናውን የምትነዳው እሷ ነበረች፣ ናሙናውንም አብራው ታደራጅ ነበር። ስሟ ከየዝርያው ኋላ አይጻፍም እንጂ ስራው የሁለት ሰው ነው።

ስብስቡ ዛሬ በስሚዝሶንያን ተቋም ነው። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ለምትኖሩ አንባቢዎች፣ ከዓለም ትልልቅ የእግረ ረጅም ስብስቦች አንዱ ጎረቤታችሁ ነው ማለት ነው።

ለእሱ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ግን ለዛሬ ሰራተኛ ችግርም ትቷል። ብዙዎቹን ዝርያዎች የገለጸው በአንድ ወይም በጥቂት ናሙና፣ በአጭር ጽሁፍ ነው። በእጃችሁ ያለው ያው ይሁን ሌላ ለማወቅ ብዙ ጊዜ እሱ ዝርያውን የገለጸበትን ዋናውን ናሙና ማየት የግድ ይሆናል።

ትልቁ ስንት ያህላል?

ሆሎሩሲያ ሚካዶ የሚባለው የእስያ ዝርያ ነው ስሙ የሚነሳው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቻይና፣ ሲቹዋን ውስጥ በቺንግቼንግ ተራራ የተያዘ አንድ ናሙና ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.15 ሴንቲሜትር ተለክቷል። እግሮቹ ሲዘረጉ 25 ሴንቲሜትር ያልፋሉ። በዓመቱ ዜናው "የዓለም ትልቁ ቢንቢ" ተብሎ ዞረ። ቢንቢ አለመሆኑን አሁን እናንተም ታውቃላችሁ።

ዲኤንኤ ካለ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን?

ዲኤንኤ በጣም ይረዳል። ለመለያ የሚነበበው ቁራጭ 658 ያህል ፊደላት አሉት። ወንድና ሴትን፣ እጭንና ያደገውን ለማዛመድ ወደር የለውም። ግን የምታወዳድሩበት ስም ያለው ናሙና መኖር አለበት። ከሞቃት አገሮች ዝርያዎች የብዙዎቹ ዲኤንኤ ገና አልተነበበም። ስለዚህ ማሽኑ "ከማንም ጋር አይገጥምም" ሲላችሁ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብላችሁ አትቸኩሉ። ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሱ።

እስከ ዝርያ መድረስ ካልቻልኩስ?

እዚያው የደረሳችሁበት ላይ ቁሙ። ሰው የሚያፍርበት ነገር መሆኑ ያሳዝነኛል። በግምት የተጻፈ የዝርያ ስም ሙዚየም ገብቶ ለሃምሳ ዓመት ሌሎችን ያሳስታል። "ወገኑ ጌራኖሚያ፣ ዝርያው አልተለየም" የሚል ወረቀት ግን ለሚቀጥለው ሰው መነሻ ይሆናል። አራት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዓይነት ቦታ ሄዳችሁ የድሮ ናሙናዎችን ብታዩ፣ ከዝንቡ ይልቅ ብዙ የሚነግራችሁ ከስሩ የተሰካው ትንሽ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን በእርሳስ ጻፉት፤ አልኮል የእስክሪብቶ ቀለም ያጥባል። አገር፣ አካባቢ፣ የወንዙ ስም፣ ከፍታ በሜትር፣ ቀን፣ በምን እንደተያዘ፣ የያዘው ሰው ስም። ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፋችሁም ግለጹ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሰበሰበ ናሙና ላይ ይህ ተዘሎ አይቻለሁ፤ ሐምሌ 2009 የተባለው የእኛ ይሁን የፈረንጅ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።